ለምናልባቱ የተቀመጠ ዲስክ

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። ድሮ እሞክር ነበር። ልደት ላይ ወይም ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «የት ነው የምትሠራው?» ሲለኝ «ኮምፒውተር ላይ» እላለሁ። ይህን ባልኩ በሳምንቱ የማይበራ ላፕቶፕ፣ ወረቀት የሚያኝክ ፕሪንተርና ውሃ የገባበት ስልክ በሬ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። አንድ እናት እንዲያውም ማይክሮዌቭ ይዘውልኝ መጥተዋል። «ቁጥር የሚያወጣ ነገር ሁሉ አንድ ነው ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አልችልበትም። ተቀብዬ ሦስት ቀን አቆየሁና «መለዋወጫው ጠፋ» ብዬ መለስኩላቸው።

እውነቱን ለመናገር ላፕቶፕ መጠገን አልችልም። እኔ የማውቀው አንዲት ማሽን ብቻ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ኮንየርስ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ጀርባ፣ መስኮት በሌለው ክፍል የምትቀመጥ፣ ቁመቷ ከእኔ የሚበልጥ፣ ሜይንፍሬም የምትባል ጥቁር ቁም ሣጥን። ደግነቱ እሷን ተሸክሞ ቤቴ ድረስ የሚመጣ ሰው የለም።

ይህች ማሽን አንድ ሆና ሳለች ውስጧ ብዙ ማሽን ያለ ታስመስላለች። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። ሒሳብ ክፍሉ የራሱ ማሽን ያለው ይመስለዋል፤ መጋዘኑም የራሱ፤ የመኪና ስምሪቱም የራሱ። ከፈለጋችሁ ያኔ ስኮትዴል ተከራይተን የነበርንበትን አፓርታማ አስቡት። ሁላችንም «ቤቴ» እንላለን፤ ነገር ግን ከላይ ያለው ሰውዬ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው እኔ ነበርኩ። ተከራዩ ሁሉ በየቤቱ ተመችቶት እንዲኖር አንድ ሰው ምድር ቤት ወርዶ ቧንቧውንና መብራቱን መጠበቅ አለበት። በእኛ ማሽን ያ ሰው ዋልተር ነበር። ከዋልተር ቀጥሎ እኔ።

ዋልተር የጆርጂያ ገጠር ሰው ነው። ሱሪውን በማንገቻ ይይዛል፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ይሰካል፣ በቀን ከሃያ ቃል በላይ አይናገርም። ማሽኗን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያውቃታል። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳነሳ አግኝቶኝ፣ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ እንደምማር ሰምቶ፣ «ና ይህን እይ» ብሎ ያስገባኝ እሱ ነው። አሜሪካ ያስገባኝ ዲቪ ነው፤ ኤር ኮንዲሽን ውስጥ ያስገባኝ ግን ዋልተር ነው።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2014 ነው። ዋልተር በሚመጣው ዓርብ ጡረታ ሊወጣ ነው። ከመውጣቱ በፊት ለአለቃችን አንዲት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወይ «ይህ ሰው ማሽኗን ብቻውን መያዝ ይችላል» ይላል፣ ወይ አይልም። ካለ፣ ወንበሩ የእኔ ነው። ካላለ፣ ሥራው ለውጭ ኩባንያ ይሰጥና እኔ ተመልሼ ካርቶን አነሳለሁ። ደብዳቤው የሚወሰነው ደግሞ በአንድ ፈተና ነው። ማሽኗ የምትነቃባቸውን አምስት ዲስኮች ከአሮጌው የዲስክ ሣጥን ወደ አዲሱ የዲስክ ሣጥን በሰላም ማዛወር።

በሰላም የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። መቅዳቱ ቀላል ነው። ችግሩ የስም ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ስም አለው፤ ሲቀዳ ስሙም አብሮ ይቀዳል። ማሽኗ ደግሞ ስትነቃ አድራሻ አትጠይቅም። እነዚያን ዲስኮች በስማቸው ትጠራና መጀመሪያ «አቤት» ያላትን ይዛ ትነሳለች። ስለዚህ ቅጂው ካለቀ በኋላ፣ ማሽኗን ከማስነሳት በፊት፣ አሮጌዎቹን ዲስኮች ከዓይኗ ማጥፋት ግድ ነው። ዋልተር አሥራ ሁለቱን የሥራ ደረጃዎች በእርሳስ ጽፎ ሲሰጠኝ ይህችን ዘጠነኛ አድርጎ ሁለት ጊዜ አስምሮባታል።

«ገባህ?» አለኝ።

«ገባኝ» አልኩ። ደግሞም ገብቶኛል። አንጎሌ አልበደለም፤ የበደለኝ ልቤ ነው።

ልቤ የምትወደው አንድ ቃል አለ፤ «ለምናልባቱ» የሚባል። እኛ ቤት የማይሠራ ነገር አይጣልም፤ ይቀመጣል። የምን እንደሆኑ የማይታወቁ ገመዶች አንድ ካርቶን ሙሉ አሉኝ። የአሮጌ መኪናዬ ምንጣፍ አለ፤ መኪናው ከተሸጠ አራት ዓመቱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቴሌቪዥኔ አለ። እንደ አሁኑ ቀጭን አይደለም፤ ጀርባው ወደ ኋላ ወጥቶ ክፍሉን የሚሞላ ነው። ድምፅ አለው፤ ምስል የለውም። ባለቤቴ ሰናይት ሦስት ጊዜ ልትጥለው ሞክራ ሦስት ጊዜ ከቆሻሻ ገንዳው ሥር መልሼዋለሁ። «አዲሱ ቢበላሽስ?» ስላት «ያን ጊዜ በጆሯችን ልናይ ነው?» አለችኝ።

እንግዲህ ጉዱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን ሊቶኒያ ቤት ገዝተናል። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ረጅም መንገድ ትራክ የሚነዱ፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው አዛውንት አሉ። ደውለው «ዕቃችሁን ቅዳሜ እናወጣለን። ሰው አስተባብሬያለሁ፤ ትራክም ይዣለሁ» አሉኝ። ቅዳሜ ደግሞ የዲስኩ ቀን ነው። «ጋሽ ታደሰ፣ ቅዳሜ አይመቸኝም» ማለት ነበረብኝ። ግን ስድስት ሰው አስተባብረውልኛል፤ ያውም በዕረፍት ቀናቸው። አፌ አልታዘዝ አለኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ለሰናይት ስነግራት የሚሠራውን ሁሉ ዘርዝራ ጻፈችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። የመጨረሻው መስመር «የስኮትዴልን ቁልፍ መመለስ (አንተ)» ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሰናይት በመኪናችን ኮንየርስ አድርሳኝ ተመለሰች። ክፍሉ ውስጥ ከማሽኗና ከእኔ በቀር ማንም የለም። ዋልተር ሆን ብሎ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቅ ሄዷል፤ ፈተና ነውና። ከአንድ እስከ ስምንት ያለውን እንደ ውሃ ጠጣሁት። አምስቱም ዲስኮች ተቀዱ፤ ተመሳከሩ፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። በራሴ ኮራሁ። ትከሻዬን ሁሉ መታ መታ ያደረግኩ ይመስለኛል።

ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ።

«ቤቢ» አለች ሰናይት፣ «ትራኩ ፉል ሊሆን ነው። ይሄ ቲቪ የት ይግባ? ለምን አንጥለውም?»

«አይጣልም!»

«ሲሪየስሊ? ስፔስ የለም እኮ ነው የምልህ።»

«ፈልጊለት። ለምናልባቱ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ወረቀቱ ስመለስ ያቺ ቃል አፌ ላይ ነበረች። አሮጌዎቹን ዲስኮች አየኋቸው። ስንት ዓመት ያገለገሉ ናቸው። አጥፍቻቸው አዲሶቹ አልነሳ ቢሉስ? ትንሽ ቢቆዩ ምን ይጎዳል? ማሽኗ ትነሳ፤ መነሣቷን ልይ፤ ከዚያ አጠፋቸዋለሁ። እንዲህ ብዬ ወሰንኩና፣ ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታ ማየት ስለማልወድ፣ ዘጠነኛዋ ላይ በብዕር ምልክት አደረግኩባት።

ማሽኗን አስነሳኋት። መቼም ስትነሳ ወሬ አታጣም፤ መቶ መስመር ታወርዳለች። መካከል ላይ «አንድ ዓይነት ስም ሁለት ቦታ አየሁ፤ የመጀመሪያውን ወስጃለሁ» የሚል አምስት መስመር አለፈ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። እንደ ኢንሹራንስ ውል አየት አድርጌ አለፍኩት። ተነሥታለች፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ስድስት ሰዓት ላይ ለሠራተኛው ከፈትኳት። ቢሮ ያሉት ሰዎች የሰኞን የጭነት ዝርዝር ማስገባት ጀመሩ። የትኛው መኪና ምን ጭኖ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ዝርዝር ነው፤ ዲስክ ላይ ተሰልፎ ቆይቶ ሰኞ ማለዳ ይታተማል። እነሱም ጨርሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ዋልተር በመሃል ደወለ። ከበስተጀርባው ውሃ ይሰማል።

«ተነሣች?»

«ተነሥታለች።»

«ዘጠኝ?»

«ምልክት አድርጌያለሁ» አልኩት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አልዋሸሁም። ምልክቱን በርግጥ አድርጌያለሁ። በኋላ አጠፋቸዋለሁ ያልኳቸውን ዲስኮች ግን፣ ማሽኗ እንደዚያ አምሮባት ስትሠራ ሳይ፣ እርግፍ አድርጌ ረስቻቸዋለሁ።

ልክ አሥር ሰዓት ላይ አሮጌውን ሣጥን የሚወስዱት ሰዎች መጡ። ሁለት ናቸው። ማርከስ የሚባል ረጅምና ተጫዋች ሰው፣ ሌላው ደግሞ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ዝምተኛ። ሣጥኑ በዚያው ዕለት ወደ ማድቀቂያ ይወሰዳል፤ ዲስክ ወደ ውስጥ ገብቶ አሸዋ ሆኖ የሚወጣበት ቦታ ነው። ማርከስ «የቱ ነው?» ሲለኝ በኩራት ጠቆምኩት። ገመዱን ስቦ ነቀለ። እኔ የት ነበርኩ መሰላችሁ? ጀርባዬን ለማሽኗ ሰጥቼ «ቀስ በሉ፣ ባለውለታችን ነው» እያልኩ በሩን ይዤላቸው ነበር። ገፍቼም አግዣቸዋለሁ። ወረቀታቸው ላይ ስሜን ከነአባቴ አሳምሬ ፈረምኩ።

«ራበን» አለ ማርከስ ሊነሳ ሲል። «ሊቶኒያ ጋ የዶሮ ዊንግስ በልተን እናልፋለን። ትመጣለህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኩትና እጄን አውለብልቤ ሸኘሁት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ማሽኗ ዝም ብላለች። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ቀጥ ብሏል። አንድ ቁልፍ ነካሁ። ዝም። ሁለተኛ ነካሁ። ዝም። ያኔ የጠዋቷ መስመር በዓይነ ሕሊናዬ መጣችብኝ። «የመጀመሪያውን ወስጃለሁ።» የመጀመሪያው አሮጌው ነው! አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው፤ ማሽኗ ቀኑን ሙሉ ከአሮጌው ቤቷ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ደግሞ ሰው ውስጡ ተቀምጦ ሳለ ቤቱን ነቅዬ መኪና ላይ ጫንኩት። ከስድስት ሰዓት ወዲህ የገባው ሁሉ፣ የሰኞው ዝርዝር ሳይቀር፣ አብሮ ሄዷል። አዲሶቹ ላይ ያለው የጠዋቱ ብቻ ነው።

ወንበር ፈልጌ ብቀመጥ ወንበሩ ላይ ምሳዬ ነበር፤ ምሳዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰኞ ጠዋት መኪናው ሁሉ በር ላይ ተሰልፎ ማን ምን እንደሚጭን የሚነግረው ሲያጣ ታየኝ። የቀድሞ ባልደረቦቼ ሥራ ፈትተው ቆመው ሲያዩኝ ታየኝ። የዋልተር ደብዳቤ ታየኝ፤ ነጭ ወረቀት ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ለዋልተር ላልደውል አሰብኩ። ተነሥቼ ቤቴ ብሄድስ? ግን መኪናው ሰናይት ጋ ነው። ለመጥፋት እንኳ የሚያደርሰኝ ሰው ያስፈልገኛል። ደወልኩለት።

«ዋልተር፣ ዘጠኝን አልሠራሁትም። ምልክት ብቻ ነው ያደረግኩት። አሮጌዎቹን ለምናልባቱ ብዬ ተውኳቸው፤ ማሽኗ በእነሱ ላይ ተነሣች፤ አሁን ሰዎቹ ነቅለው ወሰዷቸው።»

ዝም አለ። ውሃው ብቻ ይሰማኛል።

«የሰኞው ዝርዝር የት ነው?»

«መኪናው ላይ።»

«መኪናው የት ነው?»

«ዊንግስ ሊበላ ሄዷል።»

«አምጣው» አለ። «እኔም እየመጣሁ ነው።» ዘጋው።

ማምጣቱንስ ላምጣ፤ በምን? ፓርኪንጉ ውስጥ እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ስሽከረከር አንድ ግዙፍ የዕቃ ማመላለሻ ትራክ ቀስ ብሎ ገባ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። መሪው ላይ ጋሽ ታደሰ አሉ። መስኮቱን አውርደው «ልጄ፣ የአዲሱን ቤት ቁልፍ ይዘህብን ሄደህ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሟል» አሉኝ።

ኪሴን ዳበስኩ። እውነትም ሁለቱም ቁልፎች፣ የአዲሱም የአሮጌውም፣ እኔ ጋ ናቸው። በዚህ ለማፈር እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።

«ጋሽ ታደሰ፣ በእናትዎ፣ አንድ መኪና እንከተል።»

በሩን ስከፍት መቀመጫዬ ተይዟል። ከኋላ ቦታ ስለጠፋ ቴሌቪዥኔን ጋቢና አስቀምጠው ቀበቶ አስረውለታል። ፈትቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከፊቴ መንገድ አይታይም፤ የሚታየኝ ጥቁር ስክሪን ላይ የራሴ ፊት ነው። በዚያን ሰዓት ላየው የማልፈልገው ፊት ነበር።

ሃይዌይ ትዌንቲ ላይ ወጣን። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ታደሰ መኪና ሲያልፋቸው መንገድ ይለቃሉ፣ መስመር ሲቀይሩ ሦስት ጊዜ መስተዋት ያያሉ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ትንሽ ቢፈጥኑልኝ?»

«ልጄ፣ ሃያ ዓመት ስነዳ አንድ ቲኬት አልበላሁም። ባንተ ዲስክ አልጀምርም።»

«ይደቅቃል እኮ!»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጠዋት ቀስ ብትል ኖሮ አሁን አትቸኩልም ነበር።» ቴሌቪዥኔን ጠበቅ አድርጌ አቀፍኩ። አሮጊቶች በሚነዱት መኪና ሳይቀር ተቀደምን፤ አንዷ በመስኮት አይታኝ ፈገግ አለችልኝ።

ሊቶኒያ መውጫው ጋ ወርደን ዊንግስ ቤቱ በር ላይ የማርከስን መኪና ስናይ እንባዬ መጣ። ዘልዬ ለመውረድ ስታገል ቴሌቪዥኑ ያዘኝ፤ ይዤው ወረድኩ። ማርከስ ጣቱን እየላሰ ሲወጣ ምስል የሌለው ቴሌቪዥን ያቀፈ ሰው መንገድ ዘግቶበት ቆሟል።

«ሣጥኑን መልስልኝ» አልኩት።

«ፈርመሃል እኮ።»

«ተሳስቼ ነው።»

«ወንድሜ፣ ሁሉም ሲፈርም ተሳስቶ ነው» አለና ሳቀ። «አንዴ መኪናዬ ላይ ከወጣ የእኔ ነው። ባዶ መኪና ይዤ ብገባ ለአለቃዬ ምን እላለሁ?»

እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ ታደሰ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አደረጉኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሽምግልና ሊቀመጡ ነው። ያውም ዊንግስ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ፣ በሚችሏት እንግሊዝኛ። መጀመሪያ ስለ ማርከስ እናት ጤንነት ጠየቁት። ማርከስ ግራ ገባውና ደኅና ናት አለ። ስለ ልጆቹ ጠየቁት። ሁለት ናቸው አለ። የጓደኛው ወገብ ምን ሆኖ እንደሆነ ጠየቁና የራሳቸውን ወገብ ታሪክ ነገሩት። ዝምተኛው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ አምስት ደቂቃ አወራ። እኔ ቴሌቪዥኔን ተሸክሜ እግሬን እቀያይራለሁ።

«አሁን ወደ ነገራችን» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ይህ ልጅ አጥፍቷል። ሞኝ ነው፤ እሱን አልከራከርልህም። ነገር ግን ጥፋቱን ሳይደብቅ ለአለቃው ደውሎ ነግሯል። እኛ ዘንድ ያመነ ሰው ይማራል። ሚስት አለው፤ ዛሬ አዲስ ቤት እየገባ ነው። በአዲስ ቤቱ የመጀመሪያ ቀን ሥራውን አታሳጣው። ባዶ መኪና ይዘህ እንዳትገባ ደግሞ፣» አሉና ዘወር ብለው አዩኝ። እኔን ሳይሆን ጭነቴን ነው ያዩት። «ቴሌቪዥን ትቀበላላችሁ?»

«እንቀበላለን» አለ ማርከስ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይሄ እኮ...» አልኩ።

ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ።

«ድምፁ ይሠራል» አልኩ፤ ለማን እንደምናገር እኔም አላውቅም። ማርከስ የቀድሞውን ወረቀት ሰረዘና በአዲስ ወረቀት ላይ «አንድ ቴሌቪዥን» ብሎ ጻፈ። ለአለቃውም ደውሎ ነገረው። ፈረምኩ። በዚያን ቀን አውቄ የፈረምኩት እሱን ብቻ ነው። የአዲሱን ቤት ቁልፍ ለጋሽ ታደሰ ሰጥቼ፣ በማርከስና በዝምተኛው መካከል ተጣብቄ፣ የዊንግስ ሽታ እየሸተተኝ ወደ ኮንየርስ ተመለስኩ።

ዋልተር በዓሣ ማጥመጃ ጫማው ቆሞ ጠበቀን። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሣጥኑን ሰካነው፤ ማሽኗን አስነሣናት፤ ዝርዝሩ አንዲት መኪና ሳትጎድልበት ተሰልፎ ቁጭ ብሏል። ዋልተር ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት፤ ለካ እሱም ፈርቶ ነበር። ዝርዝሩን ሁሉ አትመን ካስቀመጥን በኋላ ቅጂውን ከመጀመሪያው ጀመርነው። ዘጠኝ ላይ ስንደርስ ዋልተር ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጁን አጣምሮ አየኝ። አሮጌዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። አምስተኛውን ስነካ እጄ ቆመች፤ አልዋሽም፤ ልቤ ያችን ቃሏን ልትል ነበር። አጠፋሁት። ማሽኗ ስትነቃ ስም ጠራች፤ አንድ ብቻ «አቤት» አላት። ያ የማስጠንቀቂያ መስመር አልመጣም። ዋልተር ወረቀቴን አንስቶ አየና ከጆሮው እርሳሱን አውጥቶ ሰጠኝ።

«በብዕር ነበር ምልክት ያደረግከው፤ ብዕር ደግሞ አይጠፋም» አለ። በዚያ ቀን ሌላ ቃል አልጨመረም።

አዲሱ ቤት ስገባ ሰናይት በካርቶኖች መካከል ቆማለች። ቴሌቪዥኑ መሄዱን ጋሽ ታደሰ ነግረዋታል፤ ሳታፍር እልል አለችብኝ። ዝርዝሯ አዲሱ ኩሽና ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። «የስኮትዴሉን ቁልፍ መለስክ?» አለችኝ። ደክሞኛል፤ ለወሩ መጨረሻ ደግሞ ገና ሳምንት አለ፤ ደግሞስ አንድ ዕቃ ረስተን ቢሆንስ? «ምልክት አድርጊበት» አልኳት። አደረገች።

ሳምንቱን ሙሉ ዋልተር ስለ ደብዳቤው ትንፍሽ አላለም። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ዓርብ ከሰዓት በኬክ ሸኘነው። ሁሉም ሲበታተን ማንገቻውን እያስተካከለ መጣና የደብዳቤውን ቅጂ ሰጠኝ። ሁለት መስመር ነው። «ይህ ሰው ማሽኗን ብቻውን መያዝ ይችላል። ሲሳሳት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደውሎ ይናገራል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም።» አቀፍኩት። እሱ መታቀፍ አይወድም፤ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። አለቀስኩ፤ ኬኩን የሚቆርጡት ሴትዮም አብረውኝ አለቀሱ።

ወደ ቤት ነዳሁ ከምል በደስታ ሰከርኩ ብል ይሻላል። ደብዳቤውን ጎኔ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ለሰናይት እንዴት እንደማነብላት እያሰላሰልኩ፣ ሃይዌይ ትዌንቲን ይዤ ሄድኩ። ፓርክ አደረግኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ቁልፍ አውጥቼ በሩን ከፈትኩና «ሰናይት! ጻፈልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ድምፄ ተመልሶ መጣልኝ። ክፍሉ ባዶ ነው። ምንጣፉ ላይ የቴሌቪዥኔ ማስቀመጫ አራት እግሮች የሰረጎዱት ምልክት አለ። ከላይ ያለው ሰውዬ አስነጠሰ። የሊቶኒያን መውጫ አልፌ ስኮትዴል ነው የመጣሁት። ብቻውን ይችላል የተባለው ሰው መሆኔ ነው።

ስልኬ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለች ሰናይት። «ራት ቀርቧል።»

«ቤት ነኝ።»

«የቱ ቤት?»

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ያ ዝምታ፣ የዋልተር ሐይቅ ላይ የሰማሁት ዝምታ ነው። ውሃው ብቻ ነው የጎደለው።

«ቁልፉን መልሻለሁ አላልከኝም?»

«ምልክት አድርጊበት ነው ያልኩሽ» አልኩና፣ ቃሉ ገና ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩበት። «አልመለስኩም፣ ሰናይት። ለምናልባቱ ብዬ ነው።»

በሩን ቆልፌ ወረድኩ። ቢሮው ተዘግቷል፤ ግድግዳው ላይ ግን ቁልፍ የሚጣልበት የብረት ሣጥን አለ። ቁልፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀዳዳው ላይ ቆምኩ። አምስት ዓመት ኪሴ ውስጥ የኖረ ቁልፍ ነው።

«ስሚ» አልኳት። ስልኩን ወደ ሣጥኑ አስጠጋሁና ለቀቅኩት። ቅጭል ብሎ ከታች ሲያርፍ እኔም ሰማሁት።

«ሰማሁ» አለች። «በል አሁን ና፤ በሩን ከፍቼልሃለሁ።»